«ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ጩኸት ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከኮሎራዶ፣ ከኦሮራ፣ አንድ ፎቶና አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ፎቶው ላይ ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ የሚገባ አዲስ የአደን ጠመንጃ ጭኑ ላይ አጋድሟል። የፋብሪካ ቅባቱ ገና አልተጠረገም። ጽሑፉ ደግሞ እዚህ ባሕር ዳርም ሰው በቴሌግራም ሲቀባበለው የሰነበተው ነው። ከሥሩ «ጋሼ፣ አንብበኸዋል? እንዲህ ከሆነማ ብዙ መድከም የለብኝም። ሦስት ጥይት ተኩሼ መስከረም ላይ ጫካ እገባለሁ» ብሎ ጽፎልኛል።

ይህች «ሦስት ጥይት» የምትለው ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። መሃል ላይ አሥራ አንድ ዓመት ኮሎራዶ ኖሬያለሁ። ከእነዚያ ውስጥ ሰባቱን ዓመት፣ መስከረም በመጣ ቁጥር እንዲህ ያለ ጠመንጃ ይዤ ኤልክ የሚሉትን ትልቅ አጋዘን ፍለጋ ተራራ ወጥቻለሁ። ጠመንጃውን እዚያው ለወዳጅ ትቼ ተመልሻለሁ፤ ያስተማረኝን ግን ይዤ መጥቻለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አስቀድሜ ጽሑፉ ያለውን በትክክል ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላል። ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ በተፈጥሮው ኢላማ አይመታም፣ ለዚህም ማስረጃው መቅደላ ነው ይላል፤ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የተሸነፈው በእጁ የነበረው ጠመንጃ ጩኸትና ጭስ ብቻ ስለነበረ ነው ባይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ አዲስ ጠመንጃ ገዝቶ በማስተካከል መድከም ባሩድ ማባከን ነው፣ ፋብሪካው አስተካክሎ ስለሚልከው በ100 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ላይ ሦስት ጥይት ሞክሮ ወደ አደን መሄድ ይበቃል ይላል። ቀጥሎ ኃይል የሚገኘው ከባሩድ ብዛት ስለሆነ የሚችለውን ያህል ሙላው፣ ጭስ አልባውን ባሩድ ካገኘህ ደግሞ ንጹሕ ስለሆነ እሱ ይሻልሃል ይላል። በየጥይቱ መካከል በርሜል መጥረግ የሻጮች ፈጠራ ነው፣ አባቶቻችን ቀኑን ሙሉ ሲዋጉ ማን ጠረገላቸው ብሎ ይጠይቃል። በመጨረሻም አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ከጦር መሣሪያ ስለማይቆጥረው አገር ቤት አምጥቶ ጣና ዳር ላይ መሞከርና ዳክዬም ጉማሬም ማደን የሚከለክል የለም ብሎ ይዘጋል።

ጸሐፊው ቋንቋ ያውቃል፤ ጽሑፉ የተሰራጨውም ስለሚጥም ነው። ስለ ሻጮች ያለውም ከፊሉ እውነት ነው። አንድ ጠመንጃ በወግ ለመሞከር የሚያስፈልገው ነገር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል፤ ሱቆቹ ግን ጋሪ ሙሉ ያሸክሙሃል። ይህን እቀበላለሁ።

ወደ መቅደላ እንሂድ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ መቅደላ ሥር አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ እንግሊዞች ይዘውት የተሰለፉት ጠመንጃ ስናይደር ነበር፤ የእኛ ሰዎች በኋላ «ስናድር» ያሉት። ስናይደር ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1853 የወጣውን ኤንፊልድ የተባለ ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ወስደው፣ የበርሜሉን ኋላ ቆርጠው የሚከፈትና የሚዘጋ መጉረሻ ገጠሙለት። ይኸው ነው። በርሜሉ ያው የኤንፊልድ በርሜል ነው። ከአፈሙዝ ስለጎረሰ ብቻ የማይመታ ቢሆን ኖሮ፣ ያው በርሜል ከኋላ ስለጎረሰ በድንገት ተኳሽ ባልሆነ ነበር። ጥቂት መሻሻል ነበረው ቢባል እንኳ ውጊያውን የወሰነው እሱ አይደለም። የወሰነው ጊዜ ነው። ኤንፊልድን የለመደ ወታደር በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይተኩሳል፤ ስናይደር የያዘው አሥር ጊዜ ያህል። ፊታውራሪ ገብርዬና አብረዋቸው ቁልቁል የወረዱት ጀግኖች የወደቁት በዚያ የጥይት ዝናብ ውስጥ ነው።

ሌላም አለ። ፈላ ከሚባለው ተራራ አናት ላይ የተተኮሱት የቴዎድሮስ መድፎች ጥይታቸው ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አለፈ። ከከፍታ ወደ ታች የሚተኩስ ሰው እንደ ሜዳ ካነጣጠረ ከኢላማው በላይ እንደሚልክ ተራራ ላይ ያደነ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ የጉርሻ ጉዳይ አይደለም። መሣሪያን አስቀድሞ በቦታው ሞክሮ የማወቅ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው የጠቀሰው መቅደላ ከእሱ ይልቅ ለእኔ ይመሰክራል። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ የተቀለጠው ከዚህ ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው። ያንን ብረት በዚያ ገደል እየጎተቱ መቅደላ ያደረሱ ሰዎችን ሥራ «ጩኸት» ብሎ ማለፍ ያሳዝነኛል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ጠመንጃ መምታት አለመምታቱን የሚወስነው ጥይቱ የሚገባበት አቅጣጫ ሳይሆን የበርሜሉ ውስጥ ነው። በርሜሉ ልሙጥ ከሆነ ድቡልቡሉ እርሳስ ግራና ቀኝ እየተላተመ ወጥቶ ያሻው ይሄዳል። ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ከተቆፈረለት ግን እርሳሱ እንደ እንዝርት እየሾረ ይወጣል፤ የሚሾር ነገር ደግሞ መንገዱን አይስትም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። በጥንት ዘመን ወደ አገራችን የገባው ነፍጥ ልሙጥ ነበር። በ1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ፣ ኢማም አሕመድን የጣለው የፖርቱጋሎች ነፍጥም እንዲሁ ልሙጥ ነው፤ የሚሠራውም በቅርብ ርቀት ነበር። ነገር ግን ዛሬ የአክስቴ ልጅ ጭን ላይ ያለው ጠመንጃ ባለ ቦይ ነው። የ1535ን ነፍጥ ጥፋት በእሱ ላይ መጫን አይገባም።

ምሳሌ ይፈለግ ከሆነ አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1860 ንግሥት ቪክቶሪያ ለንደን አጠገብ ዊምብልደን በተባለ ቦታ የተኩስ ውድድር ሲከፍቱ፣ ዊትዎርዝ የሚባል ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ መደገፊያ ላይ ታስሮ ቀረበላቸው። ምላጩን ሳቡ፤ እርሳሱ 400 ያርድ ሄዶ ከኢላማው መሃል ሁለት ኢንች እንኳ ሳይርቅ አረፈ። መቅደላ ከመድረሱ ስምንት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። እኔም ያለ ምንም መነጽር፣ በብረት ማነጣጠሪያ ብቻ፣ በ100 ያርድ ላይ አምስት እርሳስ በአንድ መዳፍ የሚሸፈን ቦታ አሳርፍ ነበር። እኔ ደግሞ ደህና ተኳሽ እንጂ የተለየ ተኳሽ አይደለሁም።

አሁን ወደ ሦስቱ ጥይቶች ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር አንባቢ ይታገሰኝ።

ፋብሪካው ማነጣጠሪያውን ለኢላማ ቀረብ አድርጎ እንደሚልክ እኔም አውቃለሁ። ሆኖም ፋብሪካው አንተ ስንት ባሩድ እንደምትጨምር አያውቅም። የትኛውን እርሳስ እንደምትጎስር፣ የእርሳሱ መጠቅለያ ጨርቅ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ፣ ጉንጭህ ሰደፉ ላይ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። በጥይት የሚተኮስ ዘመናዊ ጠመንጃ ጥይቱ ተዘጋጅቶ በቀለህ ታሽጎ ይመጣለታል። ከአፈሙዝ የሚጎርሰው ግን ጥይቱን በየተኩሱ የምታዘጋጀው አንተ ነህ። ከአራቱ አንዱን ስትለውጥ የሚመታበትም ቦታ ይለወጣል። ስለዚህ «የተስተካከለ ጠመንጃ» የሚባል ነገር የለም፤ የተስተካከለው ጠመንጃው ከነባሩዱ፣ ከነእርሳሱ፣ ከነጨርቁና ከነባለቤቱ አንድ ላይ ነው።

በ100 ያርድ ጀምር የሚለው ምክርም ልክ አይደለም። አዲስ ጠመንጃ በ100 ያርድ ወረቀቱን ጭራሽ ሊስት ይችላል፤ ያኔ የሳተው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አታውቅም። በ25 ያርድ ጀምር። ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አሳርፈህ አምስት ጊዜ ተኩስ፤ እስክትጨርስ ማነጣጠሪያውን አትንካ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ይተኩሳል፣ ግራ ሄደ ብሎ ያዞራል፤ ሌላ ይተኩሳል፣ ቀኝ ሄደ ብሎ ይመልሳል፤ በመጨረሻ ባሩዱ ያልቃል። የአንድ ጥይት ስሕተት የእጅህ ሊሆን ይችላል። አምስቱ ባንድ አቅጣጫ ሲሰበሰቡ ግን የሚናገረው ጠመንጃው ነው።

ከዚያ ስሌቱ ቀላል ነው። የፊተኛውና የኋለኛው ማነጣጠሪያ ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና በ50 ሜትር ላይ እርሳሶችህ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ቢሰበሰቡ፣ ኋለኛውን 1.2 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ኋለኛው ማነጣጠሪያ እርሳሱ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት ይገፋል፤ ፊተኛው በተቃራኒው። 1.2 ሚሊ ሜትር ከአንድ ሳንቲም ውፍረት ብዙ አይበልጥም። በመዶሻ መትቶ የሚያስተካክል ሰው አይቻለሁ፤ በአንድ ምት ከግራ ወደ ቀኝ አሻገረው።

የሦስቱ ጥይት ነገር ግን እኔን በግል ይነካኛል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኔም ሦስት ተኩሼ ነበር። ሦስቱ ተነካክተው አንድ ቀዳዳ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ደስ አለኝ፤ በርሜሉን አጥቤ፣ ዝገት እንዳይዘው ዘይት በደንብ ቀብቼ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ሳምንት ጎሕ ሲቀድ ኤልኩ 60 ያርድ ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ተኮስኩ። ጭሱ ሲገለጥ አልነበረም። ሣሩ ላይ ደም አገኘን። እስከ ማታ ተከተልን፤ ደሙ በመጀመሪያ በየርምጃው፣ ኋላ በየሃምሳ ርምጃው፣ ከዚያም ጭራሽ ጠፋ። በነጋታውም ተመልሰን ፈለግን። አላገኘነውም። ያ እንስሳ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባሰብኩት ቁጥር ይከብደኛል።

በኋላ ከአንድ ሽማግሌ አዳኝ ጋር ተኩስ ሜዳ ሄጄ ምን እንደተፈጠረ ፈተሽኩ። ሦስቱ ጥሩ ጥይቶቼ የተተኮሱት ከሞቀና ባሩድ ከቀመሰ በርሜል ነበር። አደን ላይ የተኮስኩት ግን ከቀዘቀዘና ዘይት ከጠጣ በርሜል ነው። ዘይት በቀባሁት በርሜል የመጀመሪያውን ስተኩስ፣ እርሳሱ ከሌሎቹ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ግራ አረፈ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ሆነ። ለአዳኝ ከሁሉ የሚበልጠው ያች የመጀመሪያዋ ጥይት ናት፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የለምና። የሦስት ጥይት ምክር ደግሞ ስለ እሷ አንድም ነገር አይነግርህም።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነበር። በርሜሉን ከመጉረሱ በፊት በደረቅ ጨርቅ ዘይቱን እጠርጋለሁ። ባሩድም እርሳስም ሳልጨምር መለኮሻውን ካፕሱል ብቻ አድርጌ፣ አፈሙዙን አንድ የሣር ቅጠል አጠገብ አስጠግቼ አስነሣዋለሁ። ሣሩ ከተወዛወዘ የእሳት ማስተላለፊያው ቀዳዳ ክፍት ነው፤ የቀረውም ዘይት ደርቋል ማለት ነው። ካልተወዛወዘ መርፌ አውጥቼ ቀዳዳውን እከፍታለሁ። ከዚያ እጎርሳለሁ፣ አንድ ብቻ እተኩሳለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጽፌ ወደ ቤት እመለሳለሁ። በነጋታው በዚያው ወረቀት ላይ ሁለተኛዋን፣ በሦስተኛው ቀን ሦስተኛዋን። በሦስት ጠዋት ከቀዝቃዛ በርሜል የወጡ ሦስት እርሳሶች አንድ ቦታ ከተገናኙ ያኔ ጫካ መግባት ይቻላል። ጸሐፊው በቁጥሩ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፤ ሦስት ነው፤ ግን የሦስት ቀን ሦስት።

ስለ ባሩድ ብዛት የተባለውን ባጭሩ ልመልስ። ባሩድ የሚለካው በግሬን ነው፤ 100 ግሬን ስድስት ግራም ተኩል ያህል ነው። እኔ ከ60 ጀምሬ አሥር አሥር እየጨመርኩ በየደረጃው አምስት አምስት ተኮስኩ። እስከ 80 ድረስ እርሳሶቹ እየተሰበሰቡ መጡ፤ 90 ላይ እንደዚያው ቆዩ፤ ከ100 በላይ ሲሆን መበተን ጀመሩ፤ ትከሻዬም መሸሽ ጀመረ። ከልክ ያለፈው ባሩድ ከፊሉ ከአፈሙዙ ወጥቶ ነው የሚነደው፤ የሚጨምረው ነበልባልና ጭስ ነው። ድቡልቡል እርሳስ ደግሞ አየር ላይ ቶሎ ይደክማል፤ 100 ያርድ ሲደርስ ከመነሻ ፍጥነቱ ከሲሶ በላይ አጥቷል። በባሩድ ብዛት ይህን መሸሽ አይቻልም፤ ወደ አውሬው መቅረብ ነው ያለው። ጸሐፊው ጠመንጃው ሩቅ አይደርስም ያለውን በዚህ መጠን እቀበለዋለሁ።

ጭስ አልባውን ባሩድ በተመለከተ ግን የምቀበለው ምንም የለኝም። ይህ ሰው ሊገድል የሚችል ምክር ነው። ጭስ አልባ ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ በርሜል አይችለውም፤ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ደግሞ የተኳሹ ፊትና ግራ እጅ አጠገብ ነው። ለእሱ ተብለው የተሠሩ ጥቂት ጠመንጃዎች አሉ፤ የአክስቴ ልጅ የገዛው ግን ከእነሱ አይደለም። ሌላው አደጋ ሚዛን ነው። በጥቁር ባሩድ ምትክ የሚሸጡት ዱቄቶች ከጥቁሩ ቀለል ስለሚሉ የሚለኩት በስፍር እንጂ በክብደት አይደለም። ስፍሩን ትቶ በሚዛን 100 ግሬን የለካ ሰው ሳያውቀው ከልክ በላይ ጎርሷል። ከባሩድ ዕቃውም በቀጥታ ወደ በርሜሉ አይገለበጥም፤ ከቀድሞው ተኩስ የቀረ ፍም ካለ እሳቱ ወደ እጅህ ወዳለው ዕቃ ይመለሳል። በትንሿ ስፍር ለክቶ፣ ዕቃውን ዘግቶ፣ ከዚያ ነው የሚጨመረው።

«አባቶቻችን ቀኑን ሙሉ ሲዋጉ ማን ጠረገላቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ። በዚያ ዘመን ለጦር የሚሠራ እርሳስ ሆን ተብሎ ከበርሜሉ ስፋት እንዲያንስ ተደርጎ ይቀልጥ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ለረጅም ዘመን የያዘው ልሙጥ ጠመንጃ የበርሜሉ ስፋት 0.75 ኢንች ሲሆን የእርሳሱ 0.69 ብቻ ነበር። ይህ የሆነው በርሜሉ በጥላሸት ሲጠብም እርሳሱ እንዲወርድ ነው። ወታደሩ ፍጥነት ገዝቶ ትክክለኛነትን ሸጠ፤ ፊቱ ያለው የሰው ሰልፍ ስለሆነ አዋጣው። አዳኝ ግን ፊቱ ያለው አንድ እንስሳ ነው። እርሳሱ ቦዩን እንዲይዝ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሳይሆን ደረቅ ቅሪት ነው የሚሆነው፤ ከፊሉም በርሜሉ ውስጥ ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ካልጠረግኸው እያንዳንዱ ተኩስ በርሜሉን ያጠባል።

ምን እንደሚያመጣ አንድ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው፤ ሳልጠርግ አምስት ጊዜ ተኮስኩ። ስድስተኛውን እርሳስ ስጠቀጥቅ መሃል ላይ ጥርቅም ብሎ ቆመ። የመጠቅጠቂያው ዘንግ ላይ በቢላ ያደረግሁት ምልክት ነበረ፤ ባሩዱና እርሳሱ በልኩ ሲገጥሙ ምልክቱ ከአፈሙዙ ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል። ያን ቀን ምልክቱ ከጠርዙ አራት ጣት ከፍ ብሎ ቀረ። እርሳሱና ባሩዱ መካከል ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። እንደዚያ ሆኖ ከተተኮሰ በርሜሉ ያብጣል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ያ ሽማግሌ አዳኝ ክንዴን ይዞ «አትተኩስ» አለኝ። መጀመሪያ ካፕሱሉን አነሣን። ከዚያ ዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ብሎን ገጥመን፣ ከአፈሙዙ ፊት ሳንቆም፣ እርሳሱ ውስጥ አዙረን ሰካነው። እሱ ሰደፉን ይዞ፣ እኔ ዘንጉን ይዤ ሳብን። እርሳሱ ሲወጣ ጎኑ በጥላሸት ተፍቆ ጠቁሯል፤ የቦዩ መሥመር ግን በግልጽ ይታይበታል። ምልክት የሌለው ዘንግ ቢሆን ኖሮ ሳላውቅ ምላጩን እስብ ነበር። አዲስ ጠመንጃ የገዛ ሰው ሌላውን ሁሉ ከመሞከሩ በፊት ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት ያድርግ፤ አንዱ ባዶ ሲሆን፣ አንዱ በልኩ ሲጎርስ።

መጥረጉ ራሱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አንድ እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ አንድ ደረቅ። ውኃ ከሌለ ምራቅ ይበቃል። ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ ሙቅ ውኃና ሳሙና ነው። አባቶቻችን አይጠርጉም ለሚለው ደግሞ እኔ ምስክር ነኝ። አያቴ ፎገራ ላይ ወጅግራ ነበረው። ወጅግራ በቀለህ የሚተኮስ ቢሆንም ጥቁር ባሩድ ነው የሚበላው። ለቅሶ ላይ ተኩሶ በመጣ ማታ፣ ሌላ ነገር ሳይቀምስ፣ አያቴ ሴቶቹን «ውኃ አፍሉልኝ» ይል ነበር። በርሜሉን በጨርቅ ይዞ የፈላውን ውኃ ያንቆረቁርበታል፤ ከታች ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እኔ አፍንጫዬን ስይዝ «ይኼ ካደረ ብረቱን ይበላዋል፣ ልጄ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ በክረምት በጣና ዳር አየር አንድ ሌሊት ማደር ለዝገት ይበቃዋል።

የቀረው ወደ አገር ቤት አምጥቶ ጣና ዳር ስለ መሞከር የተባለው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እነዚህን ጠመንጃዎች በአብዛኛው ከሌላው ጦር መሣሪያ ለይቶ እንደሚያይ እውነት ነው፤ ጸሐፊው አልዋሸም። ያ ግን የእነሱ ሕግ ነው። እዚህ ያለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትን ይከለክላል። ሻንጣ ውስጥ አድርጎ የመጣ ሰው «እዚያ እንደ መሣሪያ አይቆጠርም» ብሎ ጉምሩክ ላይ አይከራከርም። አደንም ቢሆን በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካም። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው እንዲጠበቅ የተከለለ ቦታ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ያሉት ጉማሬዎች ከነግልገሎቻቸው በጠዋት ብቅ ሲሉ ከተማው ሁሉ የሚያያቸው ናቸው። ወፎቹ ከፊሎቹ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው እዚህ የሚከርሙ እንግዶች ናቸው። እነሱ ላይ ጠመንጃ ሞክሩ ብሎ መጻፍ፣ እዚህ ተወልዶ ላደገ ሰው፣ በጣም ያማል።

ሕጉም ባይኖር የሐይቅ ዳር ከሁሉ የከፋ የመሞከሪያ ቦታ ነው። ጠመንጃ የሚሞከረው ከኢላማው ኋላ ወፍራም የአፈር ግድግዳ ሲኖር ነው። ውኃ ግን እርሳስን አያቆምም። በአግድም የመጣ ድቡልቡል እርሳስ ውኃ ሲነካ፣ ልጆች ሆነን በሐይቁ ላይ እንደምንወረውረው ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ነጥሮ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ጠዋት ከዘጌ በኩል ታንኳ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚቀዝፍ ሰው ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ከደንገሉ አይለይም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በድምፅ ስነግረው አምሽቻለሁ። ጸሐፊውንም፣ ቢያነበው፣ ቢያንስ ስለ ጭስ አልባው ባሩድ የጻፈውን እንዲያነሣ በወንድምነት እለምነዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ከኦሮራ ሌላ ፎቶ መጣልኝ። ዘንጉ ላይ በነጭ ፕላስተር ሁለት ምልክት ተደርጓል። አጠገቡ የኢላማ ወረቀት አለ፤ ከመሃሉ ዝቅ ብሎ ወደ ቀኝ አንዲት ቀዳዳ ብቻ፤ ከቀዳዳዋ አጠገብ በእስክሪብቶ የዕለቱ ቀንና «ቀዝቃዛ በርሜል፣ 1ኛ» የሚል ጽሑፍ።